ወረቀቱ እንዲህ ይላል

እንግሊዝኛ አለማወቅ ያሳፍራል ይባላል። አሳምሮ ማወቅ ደግሞ ያስከብራል አሉ፤ ደርሼበት ስለማላውቅ አልመሰክርም። መዘዘኛው የኔ ዓይነቱ ነው፤ ከሰፈርተኛው በአንድ ጣት ብቻ በልጦ ማወቅ። ይቺ አንድ ጣት ምን እንዳስደረገችኝ ላጫውታችሁ። አትሳቁብኝ አልላችሁም፤ ብላችሁም አትሰሙኝ።

በዚያ በጃንሆይ ዘመን ሰበታ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ የመዝገብ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከሥራ መልስ ደግሞ የሰፈራችን አንባቢ ነኝ። በከተማው ከኔ የተሻለ የሚያነብ አልነበረም እያልኩ አይደለም፤ አስተማሪዎች ሞልተዋል። ግን አስተማሪ ፊት ጠርሙስ ይዞ መቆም ያስፈራል፤ እኔን በአጥር በኩል "ጸሐፊው!" ብሎ መጥራት ይበቃል። የሳል መድኃኒቱም፣ የዓይን ጠብታውም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር ሁሉ በኔ እጅ ያልፋል። አንድ ጊዜ ጎረቤቴ ኦቦ ጉደታ፣ ከብት ነጋዴው ሽማግሌ፣ ለታመመች ላማቸው የተሰጣቸውን ጠርሙስ ይዘው መጡና "በቀን ስንቴ ነው የሚለው?" አሉኝ። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ፣ ዝቅ አድርጌ፣ ወደ ብርሃን አዙሬ "ሁለቴ" አልኩ። ላሚቱ ዳነች። በንባቤ ትዳን በራሷ ጊዜ እግዜር ይወቅ፤ ምስጋናውን የወሰድኩት ግን እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲያ ኦቦ ጉደታ እኔ ያላነበብኩትን ጠርሙስ ለላም ቀርቶ ለውሻም አይሰጡም ነበር።

በዚያ ሰሞን መንግሥት ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች እየጠራ አዲስ አበባ ላይ በነጻ ያስተምር ነበር። ክረምት ሲመጣ ትምህርት ይዘጋል፤ አገራቸው ሩቅ የሆነባቸው ልጆች መኝታ ቤት ውስጥ ተዘግተው ዝናብ ሲያዩ ይከርማሉ። ይህ ያሳዘናቸው ደጋግ ሰዎች "ለምን ከኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጋር አይከርሙም?" ብለው ፈቃደኛ ማፈላለግ ያዙ፤ ነገሩም ከሰው ወደ ሰው ሲያልፍ እኛ መሥሪያ ቤት ደረሰ። አለቃችን ሰብስቦን "ሰፊ ቤት ያለው ማነው?" ሲል እጄን አወጣሁ። ቤቴ ሁለት ክፍል ነው። አለቃዬ ግን የጠየቀው ስለ ስፋቱ እንጂ ስለ ክፍሉ ብዛት አልነበረም፤ ስፋት ደግሞ እንደሰው አመለካከት ነው።

ለባለቤቴ ለአስካለ የነገርኳት ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

"የት ልታስተኛው ነው?" አለችኝ።

"ልጆቹ ክፍል።"

"ልጆቹስ?"

"እኛ ጋ።"

"እኛስ?"

"አስካለ፣ ይሄ የመንግሥት ጉዳይ ነው" አልኳት፤ በትዳራችን ውስጥ መልስ ሳጣ የምጠቀምበት ቃል ነው።

እንግዳው የሐምሌ አቦ ማግስት ከአውቶቡስ ወረደ። ከኡጋንዳ ነው፤ ረጅም፣ መነጽር ያደረገ፣ አንድ ሻንጣ መጽሐፍና አንድ ጃንጥላ የያዘ ልጅ። የመጀመሪያ እርምጃውን ሲራመድ ጭቃው አንድ ጫማውን ዋጠው። እሱ ምንም አልመሰለው፤ ጎንበስ ብሎ ጫማውን በግራ እጁ እየጎተተ በቀኙ ጨበጠኝ። ስሙ ጆሴፍ ነው። ኦቦ ጉደታ ወዲያው "ዮሴፍ" አሉት፤ ሰፈሩም ዮሴፍ ብሎ ጸደቀለት።

ዮሴፍ ከሻንጣው ሌላ አንድ ወረቀት ይዞ ነበር። ኮሌጁ በማባዣ ያባዛው፣ አንድ ገጽ፣ አሥራ ሁለት ቁጥር ያለው እንግሊዝኛ ነው፤ አንዱ ለሱ፣ አንዱ ለኔ። ርእሱ፣ ከቤተሰብ ጋር የሚኖር የውጭ አገር ተማሪ ምን መጠበቅ እንዳለበት የሚያስረዳ ነው። ከመዝገበ ቃላት ጋር ሦስት ቀን ታግዬበት ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኙን ማረክሁ። ምን ያለ ደረቅ ወረቀት መሰላችሁ! ቤተሰቡ የሚበላውን ብላ። አልጋህን ራስህ አንጥፍ። በቤት ሥራ እርዳ። ወደ ድግስም ወደ ለቅሶም አብረህ ሂድ። ያልገባህን ጠይቅ። ይኸው ነው። ለዚህ ለዚህማ ወረቀት ባልፈጀሁ ነበር።

ታዲያ አንብቤ በጨረስኩበት ምሽት አስካለ ሽሮውን አቅርባ "ምን ይላል ወረቀቱ? ምን እናድርግለት?" ብላ ጠየቀችኝ። ሽሮውን አየሁት። ከጾሙ በፊት ሽሮ ነበር፣ በጾሙ ጊዜ ሽሮ ነበር፣ ጾሙ ከተፈታም ሽሮው አልተፈታም። አፌ ከኔ ቀደመ።

"ወረቀቱ እንዲህ ይላል" አልኩ። "በፍስክ ቀን እንግዳው ሥጋ ይበላል።"

"ብቻውን?"

"ብቻውንማ ነውር ነው ይላል። ከአባወራው ጋር።"

እመኑኝ፣ ከዚያ በላይ ለመዋሸት አላሰብኩም ነበር። ግን በማግስቱ እውነትም ወጥ በሥጋ መጣ። እናንተ ብትሆኑ ታቆሙ ነበር? ከአርብና ከሮብ በቀር በየቀኑ ሥጋ መብላት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ወረቀቱ "የእንግዳውና የአባወራው እግር ሁልጊዜ ማታ በሙቅ ውሃ ይታጠባል" አለ። በአምስተኛው ቀን "እሑድ ጧት ከሦስት ሰዓት በፊት አባወራው አይቀሰቀስም" አለ። በሳምንቱ ደግሞ የአስካለ እናት ከተፍኪ ክረምቱን እኛ ጋ ሊከርሙ እንደሚመጡ ላኩብን፤ እኔም ወረቀቱን አውጥቼ፣ መነጽር ባይኖረኝም መነጽር እንዳለው ሰው አርቄ ይዤ "እንግዳ ባለበት ቤት ሌላ እንግዳ አይደራረብ፤ ሰውም አይሰበሰብ" የሚለውን አነበብኩ። አስካለ እናቷን በጣም ትወዳለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ግን "የመንግሥት ነገር ከሆነ ምን ይደረጋል" ብላ ተወችው። ያን ጊዜ ትንሽ ደንገጥ አልኩ። ትንሽ።

ደግነቱ ዮሴፍ አማርኛ አያውቅም። እሱ ሥጋው ሲቀርብለት፣ እግሩ ሲታጠብ፣ ይህ ሁሉ የኢትዮጵያ ባህል መስሎታል። ኪሱ ውስጥ ባለች ትንሽ ደብተር ሁሉንም ይጽፋል። አስካለና ልጆቹ ደግሞ ይህ ሁሉ የኡጋንዳ ባህል መስሏቸዋል። በመካከል ሆኜ ሁለት አገር የማስተዳድር እኔ ነበርኩ።

አንድ ነገር ግን ዘነጋሁ። ሰው ከሰው ጋር ሲኖር ቋንቋ ይለምዳል። ዮሴፍ ወረቀቱ "በቤት ሥራ እርዳ" ስላለው፣ እኔ ቢሮ በምውልበት ጊዜ ከአስካለ ጋር እንጨት ይፈልጣል፣ ሽንኩርት ይልጣል፤ ከሰዓት በኋላ ኦቦ ጉደታ ዘንድ ሄዶ ከብት ያያል። ከአስካለ አማርኛ፣ ከኦቦ ጉደታ ኦሮምኛ እየቃረመ፣ ሁለቱን አንድ ቋንቋ መስሎት በአንድ ላይ ያጠናል። "እትዬ፣ ቢሻን ልቅዳ?" ይላል፤ ውሃ ማለቱ ነው። አስካለም "ቅዳልኝ ልጄ" ትለዋለች። ሰበታ ላይ ይህ አነጋገር ስሕተት አይደለም፤ ሁላችንም የምናወራው እንዲያው ነው።

አሁን ወደ መዘዙ ልግባ። እኔና ኦቦ ጉደታ የገብርኤል ማኅበርተኞች ነን። በየወሩ በአሥራ ዘጠኝ በአንዱ አባል ቤት እንሰበሰባለን፤ ጸሎት ይደረሳል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፤ ሲያልቅ ባለቤቱ ጽዋውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ለሚቀጥለው ተረኛ ያስረክባል። ጽዋውን የተቀበለ ሰው በወሩ ማኅበሩን ይደግሳል። ሐምሌ ላይ የሚደግሱት ኦቦ ጉደታ ናቸው፤ የነሐሴን የምቀበለው እኔ። ባለፈው ዓመት ተራዬ ሲደርስ ወገቤን አሞኝ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የቤቴ ጣሪያ ያፈስ ነበር። አሁንም ያፈሳል፤ ምክንያት ሲያልቅብኝ ነው የሚታደሰው ብዬ ትቼዋለሁ። አስካለ ግን በሰው ቤት እየበሉ አለመደገስ አንገቷን አስደፍቷታል፤ ገና በሰኔ ጌሾዋን ወቅጣ አስቀምጣለች። ይቺን የተወቀጠች ጌሾ ባየሁ ቁጥር ላብ ያጠምቀኛል። ጠላ፣ ዳቦ፣ ወጥ፣ ሃያ ሰው፣ ከሃያው ሰው በኋላ የሚቀረው የዕቃ አጠባ። ያለ ወረቀት እንዴት ይወጣል?

ሐምሌ አሥራ ዘጠኝ ሄድን። ኦቦ ጉደታ በር ላይ ቆመው "አካም ጅርታ፣ ያ ኢልመ ኮ!" ብለው፣ እንዴት ነህ ልጄ እንደማለት፣ ዮሴፍን ተቀበሉት። እሱም "ፈያ!" አላቸው፤ ደህና ነኝ ማለቱ ነው፤ ሽማግሌው ደስ ብሏቸው ትከሻውን ደበደቡት። በላን፣ ጠጣን። አባ ተክሌ፣ የማኅበሩ አባት፣ መርቀው ሲጨርሱ ኦቦ ጉደታ ጽዋውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወደኔ መጡ። እኔም ብድግ አልኩና እጄን ወደ ጽዋው ሳይሆን ወደ ኮቴ ኪስ ሰደድኩ።

"አባቶቼ" አልኩ። "በደስታ እቀበል ነበር። ነገር ግን የመንግሥት እንግዳ ቤቴ አለ። ወረቀቱ እንዲህ ይላል፤ እንግዳው እስኪወጣ ድረስ በቤቱ ሰው አይሰበሰብ።"

ልብስ ሰፊው አቶ በየነ ከጥግ "አምና ወገቡ፣ ዘንድሮ ወረቀቱ" አለ። የሳቀ የለም። ሌላ ሰው እንዳይቀበል ማንም አልተዘጋጀም፤ በክረምት እህል በጎተራ የሚተርፈው ስንቱ ነው? ኦቦ ጉደታ ጽዋውን እንደያዙ መሀል ቤት ቆሙ። ወደፊት እንዳይሉ የሚቀበል የለም፣ ወደ ኋላ እንዳይመልሱት ነውር ነው። ክንዳቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ወረቀቴን አጥብቄ ይዤ ወለሉን አያለሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ሲነሳ ታወቀኝ።

ዮሴፍ ነው። ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ነበር፤ በካልሲው ሄደና በሽማግሌው ፊት ጎንበስ ብሎ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጽዋውን ተቀበለ።

የመጀመሪያዋን እልልታ ያሰማችው የገዛ ሚስቴ ናት።

"ይሄ አይሆንም!" አልኩ፤ በእልልታው መሀል ማን ይሰማኛል? "ልጁ የኛ ሃይማኖት አይደለም! አባ፣ ይፈቀዳል?"

አባ ተክሌ ጺማቸውን ዳበሱ። "ልጁ ጽዋውን ይዞ የሚገባው የማን ቤት ነው?" አሉኝ።

"የኔ።"

"እንግዲያ የተቀበለው ቤቱ ነው። ቤቱ የማኅበርተኛ ነው።"

"ወረቀቱስ?"

"ወረቀቱ የወጣው ለእንግዳው ክብር አይደለም? እንግዳው ራሱ ከፈቀደ ወረቀቱን ምን ቸገረው" አሉና ተነሱ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ይዘው ዳኛ አለመሆናቸው ይገርመኛል።

ወደ ቤት ስንመለስ ለምን እንዲህ እንዳደረገ ባለችኝ እንግሊዝኛ ጠየቅሁት። ዮሴፍ ጥያቄው ራሱ ገረመው። በሱ አገር ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ እስኪደክመው አይቆምም፤ ምን እንደሚሰጥህ ባታውቅም ትቀበላለህ አለኝ። ምን እንደተቀበለ ያወቀው ማታ አስካለ በእጇ ጠላውን፣ ዳቦውን፣ ሃያውን ሰው እያሳየች ስታስረዳው ነው። ይደነግጣል ብዬ ጠበቅሁ። ደብተሩን አውጥቶ "ስንት ዳቦ?" አላት።

ነሐሴ ገባ፤ ፍልሰታ ተያዘ። ሕፃን እንኳ የሚጾመው ጾም ነው። እኔም ሥጋዬ ተቋርጦ ወደ ሽሮዬ ተመለስኩ። አስካለ ግን ወረቀቱን አክባሪ ሴት ናት፤ ለዮሴፍ በሌላ ድስት ለብቻው ትሠራለች።

"በፍስክ ቀን ነው እኮ ያለው" አልኳት።

"የሱ አገር ፍልሰታ የለም አላልከኝም? ለሱ ፍስክ ነው" አለችኝ። "ደግሞ ብቻውን አይብላ ስለሚል አጠገቡ ተቀመጥ።"

አሥራ አምስት ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጥኩ። እሱ የአልጫውን አጥንት ይግጣል፤ እኔ ትዕግሥቴን እግጣለሁ። የሚግጠውም እኮ ደስ ብሎት አይደለም፤ ዓይኑ እኛ ሽሮ ላይ ነው። በስድስተኛው ቀን ግድም አጥንቱን አስቀመጠና በአማርኛ "ጋሼ፣ ሁሉም ሽሮ። እኔ ሥጋ። ለምን?" አለኝ።

"ባህል ነው" አልኩት።

ደብተሩን አላወጣም። ወደ አስካለ ዞሮ "እትዬ፣ ለምን?" አላት።

"ወረቀቱ ነዋ!" አለች አስካለ። "ያንተው ወረቀት! ሥጋ ይብላ፣ እግሩን ይታጠብ፣ እናቴ አትምጣ የሚለው!"

ዮሴፍ ቀስ ብሎ ተነሳ። ወደ ልጆቹ ክፍል ገብቶ የራሱን ወረቀት ይዞ ተመለሰ። አንድ ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበበው። ከዚያ እኔን አየኝ። ያን ጊዜ አስካለ የእግር ውሃውን ይዛ ገባች፤ ውሃውን አየው፣ እግሬን አየው፣ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

ፈራሁ። አሁን ስቄ ነው የማወራችሁ፤ ያን ጊዜ ግን እውነተኛ ፍርሃት ነው የፈራሁት። ሚስቴ ብትጣላኝ እታረቃለሁ፤ ማኅበሩ ቢቀጣኝ እቀጣለሁ። የከበደኝ ሌላ ነው። አንድ ወረቀት ዋሽቼ እንዳነበብኩ ከታወቀ ያነበብኩት ሁሉ ይጠረጠራል። ሳሉ የበረታበት ልጅ ያላት እናት በአጥር በኩል ጠርሙስ ስትሰጠኝ ፊቴን ሳይሆን አፌን አምና ነው፤ ስንት ማንኪያ እንደምል ሰምታ ሮጣ ትሄዳለች። ነገ ያቺ ሴት ምን ትሁን? አስተማሪ እስክትፈልግ ልጁ ይጠብቃል? በሕይወቴ የያዝኩት ክብር ቢኖር ይኸው ነበር፤ እሱንም በአጥንት ሸጥኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዮሴፍን ባየሁ ቁጥር ነገ ይናገራል፣ ዛሬ ይናገራል እያልኩ ከሳሁ። የጾም ክሳት መስሏቸው አባ ተክሌ አመሰገኑኝ።

ዮሴፍ ግን ድግሱን ያዘ። ከአስካለ ጋር ጥንስስ ያማታል፣ ከኦቦ ጉደታ ወንበር በጫንቃው ያመጣል፣ ጣሪያዬ ላይ ወጥቶ ሦስት ዓመት ሲያፈስ የነበረውን ቀዳዳ በአንድ ከሰዓት ደፈነው። ከታች ሆኜ መሰላሉን ያዝኩለት። መሰላል መያዝም ሥራ ነው።

ነሐሴ አሥራ ዘጠኝ ደረሰ። ሃያው ሰው ገባ፤ ቤቴ ሰፊ ነው ያልኩት ሐሰት እንዳልነበረ ያን ቀን ገባኝ፤ ሁሉም ተቀመጠ። ዮሴፍ ነጠላ አጣፍቶ እያንዳንዱን "በሞቴ" እያለ አስተናገደ። የአስካለን ፊት እንዲያ ሲበራ ካየሁ ዓመታት አልፈው ነበር፤ እያየኋት ስንት ጊዜ ይህን እንደከለከልኳት አሰብኩና አፈርኩ። አባ ተክሌ መረቁ። በሰላም አለቀ ብዬ ተነፈስኩ።

"አንድ ነገር ቀረ" አለ አቶ በየነ።

ይህ ሰው የሰው ልብስ ሲሰፋ ይውላል፤ ከሥራ በኋላ የሰው ገመና ይተረትራል።

"ባለፈው ወር ሰው አይሰበሰብ የሚል ወረቀት ታይቶ ነበር። ይኸው ሃያ ሆነን ተሰብስበናል፤ የመጣብን ነገር የለም። እኔ ለነገር አይደለም፣ ነገሩን ለማወቅ ነው። ልጁ አማርኛውን ችሏል። እስቲ እሱ ያንብብልን።"

"ዱጋ!" አሉ ኦቦ ጉደታ፤ እውነት ነው ማለታቸው ነው። "አንብብልን ያ ኢልመ ኮ!"

አስካለ ጋኑን ትታ ከጓዳው በር ቆመች። ዮሴፍ መነጽሩን ወለወለ፤ ወረቀቱን ከኪሱ አወጣና አጠገቤ ቆሞ ዘረጋው። ከተቀመጥኩበት ሆኜ የመጀመሪያው መስመር ይታየኛል። "ቤተሰቡ የሚበላውን ብላ" ይላል። በዚያ ቤት ይህን የምናውቅ ሁለት ሰዎች ብቻ ነበርን። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት።

ዮሴፍ ጉሮሮውን ጠረገ።

"ወረቀቱ እንዲህ ይላል" አለ። "አንድ። እንግዳው ሥጋ ይበላል። ከአባወራው ጋር። ጋሼ ልክ አንብበዋል።"

አቶ በየነ ዓይኑን አፈጠጠ። እኔ ከሱ ይልቅ አፈጠጥኩ።

"ሁለት። እግራቸውን በሙቅ ቢሻን ይታጠባሉ። ልክ ነው።"

ነፍሴ ተመለሰች። ይህ ልጅ ሊያድነኝ ነው! ተነስቼ ላቅፈው ቃጣኝ። ዮሴፍ ግን ጣቱን መስመሩ ላይ አሳርፎ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ።

"ከሥሩ ደቃቅ ጽሕፈት አለች። ጋሼ ዓይናቸው ስለደከመ አላዩዋትም። ቢሻኑን የሚቀዳውም የሚያሞቀውም አባወራው ነው ትላለች። የእትዬንም እግር እሱ ያጥባል።"

ከጓዳው በር "እህ!" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ሦስት። እንግዳ አይደራረብ ይላል። ግን የእትዬ እናት እንግዳ አይደለም፣ የቤት ሰው ነው። እሳቸው ቢመጡ ጥሩ ነው ይላል።"

"የኔ እናት ተጽፈዋል?" አለች አስካለ።

"በስም አይደለም። ግን ተጽፈዋል።"

ምን ልበል? ሐሰት ነው ልበል? ወረቀቱ የሚለውን ከሚያውቁ ሰዎች አንዱ እኔ ነኝ፤ አይልም ካልኩ ምን እንደሚል ልናገር ነው። አንገቴን ነቀነቅሁ። እንዲያውም "አዎ፣ አሁን ሲያነበው ትዝ አለኝ" ብዬ መሰከርኩለት፤ ጌታዬ ይቅር ይበለኝ። ልጁን ወደድኩት፤ አንድ በጥፊ ብለውም ደስ ይለኝ ነበር። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ፤ ፊቱ ላይ ቂም የሚባል የለም፣ ከንፈሩ ዳር ብቻ ፈገግታ እየታገለው ነበር። ጥፋቴን ሁሉ አውቆ ክብሬን መልሶ እንደሰጠኝ ያን ጊዜ ገባኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ኦቦ ጉደታ በወረቀቱ ጥበብ የተነካሁ መስሏቸው "አይዞህ" አሉኝ።

"አራት" አለ ዮሴፍ። "ሰው አይሰበሰብ ይላል፣ እንግዳው ካልፈቀደ። እንግዳው ፈቅዶ አንድ ጊዜ ከደገሰ ግን የሚቀጥለውን ወር ጽዋ አባወራው ይቀበላል። ወገቡን ቢያመውም ይቀበላል ይላል።"

ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። አቶ በየነ ራሱ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። ዮሴፍ ወረቀቱን በብብቱ ሸጉጦ ጽዋውን አነሳና በሁለት እጁ ይዞ ፊቴ ቆመ። ተነስቼ ተቀበልኩ። ከበደኝ፤ ግን ተቀበልኩ። የአስካለ እልልታ አዲሱን ጣሪያ ሊያነሳው ደረሰ።

"ልጄ" አለች እልልታዋን ጨርሳ፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች። "ወረቀቱ ይኸው ብቻ ነው? ከጀርባው ምንም የለበትም?"

ዮሴፍ ወረቀቱን ከብብቱ አውጥቶ ገለበጠው። ጀርባው ንጹሕ ነጭ ነበር፤ ከቆምኩበት ሆኜ በግልጽ ይታየኛል። እሱ መነጽሩን አስተካከለ፣ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች በሐሳብ ተመለከተው።

"አለው እንጂ፣ እትዬ" አለና ማንበቡን ቀጠለ።